ታቦቱ ሳይወጣ

እሁድ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ግንቦት ሊያልቅ ስለነበረ ሰማዩ በዘቢዳር ተራራ በኩል ጠቁሯል፤ ዝናቡ ግን ገና አልወረደም። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። እትዬ የምላቸው የቤቱ ባለቤት ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ያሰጡትን በርበሬ ዝናብ ሳይቀድማቸው ይሰበስባሉ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የቆርቆሮውን በር ሳያንኳኳ ገፍቶ የገባው ያን ጊዜ ነው።

«እትዬ፣ እንኳን ቤት አገኘሁዎ።»

«ዝናብ እየመጣ የት ልሂድ? አረፍ በል።»

«አልቀመጥም። ማክሰኞ አንድ ትልቅ ሹም ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ የክሊኒኩን መሠረት ሊያዩ። ሴቶቹ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆመው በእልልታ እንዲቀበሏቸው ታዟል። የእርስዎን ድምፅ ደግሞ በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። እርስዎ ይጀምሩ፣ ሌላው ይከተላል።»

እትዬ በርበሬውን መሰብሰባቸውን አላቋረጡም። «እኔ እልልታ ከተውኩ ቆየሁ።»

«መቼም አፍ አይዝግ።»

«ይዝጋል እንጂ።»

«ሹሙ መኪና ውስጥ ናቸው፤ ዝገቱ አይሰማቸውም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ወዲያው ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዲት ድምፀ መልካም ሴት አለች ብዬ ለአለቃዬ ተናግሬአለሁ። አያሳፍሩኝ።»

እትዬ ቀና አሉ። በእፍኛቸው የያዙትን በርበሬ እያዩ ትንሽ አሰቡ።

«ለሹም ከሆነ ምን ቸገረኝ» አሉ። «እመጣለሁ።»

ጸሐፊው አመስግኖ ወጣ። «ለሹም ከሆነ» ያሉት ቃል እኔ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት አገልግሎት አስተማሪ አድርጎ ቡታጅራ ልኮኝ ነበር። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ ወልቂጤ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም እዚያው አደግሁ። ወልቂጤና ቡታጅራ በካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው፤ በመኪና የሚሄድ ሰው ግን ያኔ አዲስ አበባ ድረስ ወጥቶ መዞር ነበረበት። ስለዚህ ለትልቅ በዓል ካልሆነ ወደ ቤተሰቤ አልሄድም። እትዬ ከቤታቸው አንዱን ክፍል አከራይተውኝ፣ ቀስ በቀስ ምግቤንም ጨዋታዬንም ከእሳቸው ጋር አደረግሁ።

ዓይን አፋር ነኝ። ክፍል ስገባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ መጻፍ የምወደው ጀርባዬን ለማዞር ምክንያት ስለሚሆነኝ ነው። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነበርኩ። በሴቶቹ በር በኩል አንድ ትልቅ ጽድ አለ፤ ከግንዱ ኋላ እቆማለሁ። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ አደርጋለሁ፤ እልል ሲሉ ከንፈሬን እነክሳለሁ። እናቴ ልጅ ሳለሁ ጨዋ ሴት ልጅ ድምጿ ከደጅ አይሰማም ትለኝ ነበር። ጸሎቴም ቢሆን ሁልጊዜ ልመና ነው፤ ፈተናውን ልለፍ፣ አባቴን ከሕመሙ አድነው፣ ዳይሬክተሩ አይቆጣኝ። የለመንኩት ሲሰጠኝ በልቤ «ተመስገን» እልና ወደሚቀጥለው ልመና አልፋለሁ። ሌላ ዓይነት ጸሎት መኖሩን አውቅ ነበር፤ ግን ለዜማ የተፈጠሩ ሰዎች ሥራ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ በጽዱ ሥር ከአጠገቤ ይቆማሉ። የከተማው ሰው ሁሉ ስለ ድምፃቸው ነግሮኛል። ድሮ ታቦት ሲወጣ የመጀመሪያዋ እልልታ የእሳቸው ነበረች ይላሉ። ገበያ ድረስ ስለምትሰማ ሙስሊሞቹ የበርበሬ ነጋዴዎች ሚዛናቸውን እንደያዙ «ታቦታችሁ ወጣ» ይሉ ነበር። እኔ ግን በቆየሁበት ዓመት አንድም ቀን አልሰማኋትም። ባላቸው ከሞቱ ሁለተኛ ዓመት እየተጠጋ ነበር። ተዝካራቸው ወጥቷል፤ ጥቁር ልብሱም ወልቋል። እልልታው ብቻ አልተመለሰም። ታቦቱ ሲወጣ እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ።

ማክሰኞ ትምህርት ተዘግቶ ተማሪዎቻችንን መንገድ ዳር አሰለፍናቸው። ፀሐዩ በረታ፤ ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ወደ ጥግ እንዲያስጠጉ ተነገራቸው። ብዙ ጠብቀን ላንድሮቨሯ በአቧራ ተከባ ብቅ አለች። ጸሐፊው ከወዲያ ማዶ ለእትዬ እጁን አወዛወዘ። እትዬም እልል አሉ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ቀጭን አንገት እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ወጣና በመንገዱ ላይ ተዘረጋ። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ። መኪናዋ ፍጥነቷን ሳትቀንስ አለፈች፤ በመስተዋቱ ውስጥ አንድ ባርኔጣ ብቻ ነው ያየነው። አቧራው በላያችን ወረደ።

«ወጣ» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው።

«ምኑ?»

«ድምፁ።»

እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። የደነገጠ ሰው ፊት ነበር።

በተከታዩ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንደ ወትሮው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ቅዳሴ አልቆ ስንበተን አንዲት ጠላ ነጋዴ፣ ከእትዬ ዝምታ ወዲህ በሴቶቹ መካከል እልልታ የምትጀምረው እሷ ናት፣ በሩ ላይ ጠበቀችን።

«ምነው እትዬ? ለላንድሮቨር የወጣው ድምፅ ለእግዜር ጠፋ? ወይስ ጎማ የሌለውን አያከብሩም?»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ መልስ የሚያጡ ሰው አልነበሩም፤ ገበያ ላይ ስንቱን ነጋዴ በአንድ ቃል ሲመልሱ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን «እውነትሽን ነው» ብቻ ብለው አለፉ።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን በርበሬ ስንለቅም፣ እኔ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ያቺ ሴት እውነቷን ነው። ባሌ እንደ አገራችን ወንድ ሁሉ መርካቶ ነበር የሚነግደው። ዓመቱን እዚያ ይቆይና ለመስቀል ይመጣል። በዋዜማው ሎንቺናዋ ከከተማው ጫፍ ስትደርስ ሹፌሩ ክላክሱን ይነፋል፤ እኛ ሴቶቹ ቆመን እንጠብቃለን። የዚያን ዓመት ክላክሱን ስሰማ አላስቻለኝም። ገና ሳትቆም፣ ማን እንዳለባት ሳላይ፣ ‹ጌታዬ፣ አመጣህልኝ› ብዬ እልል አልኩ። እንደዚያ ከልቤ ብዬ አላውቅም፤ ሁለመናዬ ነበር የሚለው። ከሎንቺናዋ ወንድሙ ብቻውን ወረደ፤ አፉን በጋቢ ሸፍኖ። እልልታዬ ገና አላለቀም ነበር፣ ልጄ።»

አንድ የተበላሸ በርበሬ አንስተው ወደ ጎን ጣሉ።

«ሰዉ ከእግዜር የተጣላሁ ይመስለዋል። አልተጣላሁም፤ አፈርኩ። ያላደረገልኝን አደረግህልኝ ብዬ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በባሌ መርዶ ላይ እልል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ታቦት ሲወጣ ጉሮሮዬ ይያዛል። ሐዘን ነው፣ ድምፄም አብሮ ሞቷል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ይኸው ለሹሙ መኪና ጥርት ብሎ ወጣ! ድምፁ አልሞተም ማለት ነው። የሞተው ምስጋናው ነው። ለሰው እየወጣ ለእሱ እምቢ ያለ አፍ ይዤ እንዳልቀበር ነው የምፈራው።»

«ባይመጣልዎትም እንዲያው ቢሉትስ? ምናልባት ካሉት በኋላ…»

«በግድ?» ቀና ብለው አዩኝ። «በግድማ ለሹሙ አልኩት። እግዜር ጸሐፊ አይልክብሽም፤ ስትመጪለት ነው የሚወደው።»

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ሃይማኖት ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ግን ከዚያ ውስጥ አንድም አልነበረም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። «እትዬ፣ እልልታ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«ዩኒቨርሲቲው አላስተማረሽም?»

«አላስተማረኝም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ኖርሽ?»

ከጓሮ እንሰቱ መካከል ሰው ወደማያየን ቦታ ወሰዱኝ። ትንፋሼን ከሆዴ እንዳመጣ፣ ምላሴን እንዳላደርቀው፣ ትከሻዬን እንዳላነሳ ነገሩኝ። ሞከርኩ። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተንቀጥቅጦ ተሰበረ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ባሰ። በአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን፣ ከእትዬ ጋር ጎን ለጎን በርበሬ የሚሸጡት ሙስሊም ሴት፣ በእንሰቱ ቅጠል መካከል አንገታቸውን አስገቡ።

«ዶሮ እያረዳችሁ ነው እንዴ? ጾማችሁ አልገባም?»

«ዶሮ አይደለችም፤ አስተማሪዋ ናት» አሉ እትዬ።

«እንግዲያው አላህ ይድረስላት!»

ሁለቱ እስኪደክማቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ የልቤን አወጣሁት። «ሲናገሩት አይገባኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ያሳዩኝ።»

እትዬ ሳቃቸውን ቀስ ብለው አቆሙ። «አሃ» አሉ። «ተማሪ መስለሽ ወጥመድ ልታጠምጂብኝ ኖሯል።» አልተቆጡም። ጉንጬን በርበሬ በሸተተ እጃቸው ነካ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

የሰኔ ሚካኤል በሚቀጥለው እሁድ ዋለ። ለእኔ በቡታጅራ የመጨረሻው በዓል ነበር፤ ትምህርት ሊዘጋ፣ እኔም ልሄድ ነው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጠዋትም አላባራም፤ ቀጭን ካፊያ ሆኖ ቀረ። ከተራራው የወረደ ጉም የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሸፍኖታል። ከቅዳሴው በኋላ ሴቶቹ ከዛፎቹ ሥርና ከግንቡ ጥግ ተጠግተው የታቦቱን መውጣት ይጠባበቃሉ። ከውስጥ ከበሮው ይሰማል። እኔ በጽዱ ኋላ ነኝ፤ እትዬ ከአጠገቤ፣ ነጠላቸው አፋቸው ላይ።

ያን ጊዜ የሆነልኝን በትክክል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። እንደ ልማዴ ልለምን ጀመርኩ፤ የምለምነው አጣሁ። ችግር ስላልነበረብኝ አይደለም፤ አባቴ ያኔም ታማሚ ነበር። ግን የእርጥቡ ጽድ ሽታ፣ የከበሮው ቀስ ያለ ምት፣ በባዶ እግሬ ሥር ያለው ቀዝቃዛ ሣር፣ እነዚህ ሁሉ ተሰጥተውኛል፤ አንዱንም አልለመንኩትም። ዓመቱን ሙሉ በማላውቀው ከተማ የበላሁት፣ የሳቅሁት፣ ሌሊት ሳልፈራ የተኛሁት፣ ይህንም አልለመንኩትም። አንድ ሙቅ ነገር ከሆዴ ተነሥቶ ወደ ደረቴ ወጣ። ሌሎቹን ከጠበቅሁ እንደማላደርገው አወቅሁ። በቅርንጫፎቹ መካከል በሩን አየሁ። ባለ ወርቅ ዘርፉ ትልቅ ጥላ ተዘርግቶ ከበሩ ሲወጣ አየሁና ዓይኔን ጨፍኜ እልል አልኩ።

ተሰበረ፤ እንደገና ተያያዘ። ትንፋሼ እስኪያልቅ ድረስ አልኩት። ብቻዬን እንደሆንኩ የገባኝ ሳቆም ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ታቦት የለም። ዝናቡ አባርቶ እንደሆነ ለማየት አንድ ዲያቆን ጥላውን ዘርግቶ ደፍ ላይ ቆሟል፤ ድንጋጤ ይዞት አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ያያል። ግቢው ሁሉ ወደ ጽዱ ዞረ። መጀመሪያ አንዲት ሴት አፏን ይዛ ፈነደቀች፤ ከዚያ ሳቁ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተዛመተ።

«መምህርት!» አለች ጠላ ነጋዴዋ እንባዋን እየጠረገች፣ «ጥላ እኮ ነው! ለጥላ ነው እልል ያልሽው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ፊቴ ነደደ። ነጠላዬን ሽቅብ ስቤ ፊቴን ልሸፍን ስል እትዬ ክንዴን ያዙኝ። የእሳቸው ነጠላ ከአፋቸው ወርዷል። ከጽዱ ሥር ወደ ካፊያው ወጡ፤ እኔንም ይዘውኝ ወጡ።

«ምን ያስቃችኋል?» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «ታቦቱ ባይወጣስ? ጌታ ቤቱ የለም እንዴ?»

ሳቁ ቆመ።

እትዬም እልል አሉ። እንደዚያ ማክሰኞ ጥርት ያለ አልነበረም። ሻካራ ሆኖ ጀመረ፤ መካከል ላይ ተሰነጠቀ፤ የሚያቆሙ መስሎኝ እጃቸውን አጥብቄ ያዝኩ። አላቆሙም። በስንጥቁ ውስጥ አልፈው ወደ ላይ ወጡ፤ አንገታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው፣ ካፊያው ፊታቸው ላይ እየወረደ፣ አንዱን ጨርሰው ትንፋሽ ስበው ሌላውን ቀጠሉ። ከዛፎቹ ሥር አንዲት አሮጊት ተቀበሉ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ የማን እንደሆነ የማይለይ ሆነ። ጠላ ነጋዴዋ ቆማ ስታይ ቆይታ ነጠላዋን አደግድጋ ከሁሉም በላይ አቀለጠችው። ደፍ ላይ የቀረው ዲያቆን ጥላውን እንደዘረጋ ወደ ውስጥ ሮጠ። ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ሲወጡ እልልታው ቀድሟቸው ግቢውን ሞልቶት ነበር።

ወደ ማታ ጎመንና ቆጮ ቀርቦ ለብቻችን ስንበላ፣ ቀኑን ሙሉ ልጠይቃቸው የፈራሁትን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ እኔ እንዳላፍር ብለው ነው?»

ቆጮውን ቆርሰው ወደ እኔ አስጠጉ። «መጀመሪያ ለአንቺ ብዬ ነበር። ያን እፍረት አውቀዋለሁና። ጌታ ቤቱ የለም እንዴ ያልኩትም እነሱን ዝም ላሰኝ ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ራሴ ሰማሁት።»

የጎመኑን ሳህን ወደ መሐል ገፋ አደረጉ።

«የዚያን ቀንም፣ ሎንቺናዋ ስትመጣ፣ ቤቱ ነበረ ማለት ነው። እልልታዬን የሰማው እሱ ነበር እንጂ ሎንቺናዋ አይደለችም። ይህን ሳስብ የዛሬው እልልታ ግማሽ ላይ ደርሼ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንቺንም ረሳሁሽ።»

«ይረሱኝ» አልኩ።

«ብይ» አሉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ገና ሳይነሡ ለበስኩና ወጣሁ። ዝናቡ አቁሟል። መንገዱ ላይ ከአንድ ጋሪ በቀር ማንም የለም። የቤተ ክርስቲያኑ በር ገርበብ ብሏል፤ ሽማግሌው ዘበኛ ትናንት ሕዝቡ የረገጠውን ጭቃ በአካፋ ይጠርጋሉ።

«በዓሉ እኮ ትናንት ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ዕቃ ጠፍቶሽ ነው?»

«የለም፣ አባባ።»

«ስለት አለብሽ?»

«የለብኝም።»

አካፋቸውን ተደግፈው ቀሪውን እስክነግራቸው ጠበቁ። ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበርና ቃሉ ዘገየብኝ።

«ላመሰግን ነው» አልኩ።

«ስለ ምን?»

አሰብኩ። አንድ ነገር ለይቼ ማውጣት አልቻልኩም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና እንደገባቸው ሰው ወደ ጭቃቸው ተመለሱ።

ጫማዬን አወለቅሁ። በጽዱ በኩል አልሄድኩም። በበሩ ትይዩ፣ ምንም ከለላ በሌለበት እርጥብ ሣር ላይ ቆምኩና፣ ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ «ተመስገን» አልኩ። ከዚያ ትከሻዬን ሳላነሳ ትንፋሼን ከሆዴ ስቤ እልል አልኩ። አሁንም የዶሮ ነበር። አካፋው አንድ አፍታ ቆመ፤ «አሜን» የሚል ሰማሁ፤ አካፋውም ቀጠለ።

የትምህርት ቤቱ ደወል ከመደወሉ በፊት መድረስ ስለነበረብኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ እስከ በሩ ሮጥኩ።